ስንዝር አስቀር

የእቴ ጦይባን ሞት የነገረኝ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት መሬታቸውን ሊወስድባቸው ሽማግሌ ያቆመው ሰው ነው። ወልድያ ላይ በሬ እያስጫንኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። አያ ይማም ነበር፤ የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም። «ጀማል፣ ጦይባ ወደ አኼራ ሄደች» አለና አለቀሰ። «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ መሆኑን ነገረኝና እንደገና አለቀሰ። ከዚያ ሲናፈጥ ሰማሁት፤ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ለገበያው ቀን ሣሩን እንደ ወትሮው ትወስዳለህ አይደል?» አለኝ።

አያ ይማም ማለት ይኸው ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ዕድሜው ያስገድደኛል። ወረቀት ላይ ግን የሚያስገድደኝ የለም።

እቴ ጦይባን ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ። ሞተዋል ብዬ ብዳፈር፣ ከመቃብር ቀና ብለው «አንተ ጀማል፣ በሬህ ከሳ ወይስ አፍህ ወፈረ?» የሚሉኝ ይመስለኛል።

እኔ የበሬ ነጋዴ ነኝ። ከግራናና ከመርሳ ገበያ እየገዛሁ ወልድያ አወጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የአይሱዙው ሹፌር ያውቃል። ትምህርቴን የጨረስኩት ከብት ተራ ነው። መምህሮቼ ደላሎች ነበሩ፤ እስካሁንም ይፈትኑኛል። ከነሱ መካከል በሬ ሳይሸጡልኝም ከእኔ ሳይገዙም የረቱኝ እቴ ጦይባ ብቻ ናቸው። የሚሸጡልኝ የበሬውን ምሳ ነበር።

አጭርና ቀጭን ሴት ናቸው። ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚሄዱት፤ ባጃጅ ውስጥ እንኳ አያወርዱትም፣ ስለዚህ አጠገባቸው ተጠጋግቶ የሚቀመጥ የለም። መርሳ ከብት ገበያ መግቢያ ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረቻቸው። አረንጓዴ የሣር እስራቸውን ፊታቸው ደርድረው ይቀመጣሉ። በሬ ሲያልፍ ይነሱና ጎኑን በመዳፋቸው መታ ያደርጉታል፤ ማሰሮ ስንጥቅ እንዳለው ለማወቅ እንደሚመታው ዓይነት። ያዳምጣሉ። ከዚያ የሚያዩት በሬውን አይደለም፤ ባለቤቱን ነው።

አንድ ጊዜ ከውርጌሳ ያመጣሁትን በሬ መታ አደረጉና ጆሯቸውን አቀረቡ።

«ጀማል፣ ይኼ በሬ ነው ወይስ ከበሮ?»

ረጅም መንገድ የመጣ የተራበ በሬ ከዳሌው ፊት ጉድጓድ ያወጣል። ገዢ የሚያየው መጀመሪያ ያንን ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ነጋዴ ገበያ ከመግባቱ በፊት ጉድጓዱን ይሞላል። ጨው አስልሶ ውሃ የሚያጠጣ አለ። እኔ ሣር አበላለሁ፤ ይኼ በኛ ሙያ ደግነት ይባላል። እቴ ጦይባ ደግነቴን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር።

«ስንት እስር ልስጥህ? ለአንድ ጎኑ ነው ለሁለቱም?»

«ለሁለቱም ነው እንጂ እቴ፣ በሬ በአንድ ጎኑ ብቻ ይበላል?»

«የለም፣ ገዢው የቆመው በአንድ በኩል ነው ብዬ ነው።»

ሰው ይስቃል። ገዢውም ይስቃል። ከዚያ ገዢው ዞሮ ሌላውን ጎን ያያል። ይህን ሁሉ ሰምቼ ለምን ሌላ ቦታ አልገዛሁም? ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ወረዳችን ሐብሩ አረንጓዴ ነው፤ ለዓይን። ለከብት ግን ክፉ ወር ነው። የአምናው የማሽላ አገዳ ተበልቶ አልቋል፣ ጭዱ አልቋል፣ መሬቱ ሁሉ ተዘርቶበታል፤ ላም በአጥር በኩል የሰው ቡቃያ እያየች ምራቋን ትውጣለች። የማሽላው ቡቃያ ሲሳሳ የተነቀለው ለከብት ይጣላል፤ ግን ዝናብ ከጠፋና ቡቃያው ከጠወለገ መርዝ ይሆናል፤ ጠዋት የበላች ላም ማታ ላትደርስ ትችላለች። እቴ ጦይባ የገቡት በዚህ ቀዳዳ ነው።

ከዓመታት በፊት የግብርና ባለሙያ ለሰፈሩ የቡልቱግ ዘር አድሎ ነበር። ቡልቱግ የቆላ እህል ነው፤ ዘለላው እንደ ድመት ጅራት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባለሙያው ግን የሰጠው ለመኖ ነው፤ ሳያሽት እየታጨደ ለከብት እንዲሰጥ። ሰው ዘሩን ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ለዶሮ በተነው። እቴ ጦይባ ዶሮ ስላልነበራቸው ዘሩት። ቢያንስ እሳቸው ሲጠየቁ የሚመልሱት ይህንኑ ነበር። ግንቦት ላይ የመስኖ ተራቸው ሲደርስ ይዘሩታል፤ ሰው ማሽላውን እያረመ ሰማይ ሲያይ እሳቸው ያጭዳሉ። ያጨዱት ተመልሶ ይበቅላል። እንደገና ያጭዳሉ። ለሁለቱ ላሞቻቸውና ለወይፈናቸው ከበቃ በኋላ የተረፈው እኔ ዘንድ ይመጣል።

ዋጋ ላይ ስጨቃጨቃቸው ሁልጊዜ የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር። ማጭዳቸውን ከትከሻ ያወርዱና መሬት ላይ በጣታቸው ስንዝር ይለካሉ።

«ቡልቱግ ስታጭድ ከመሬት ስንዝር ታስቀርለታለህ። ያን ጊዜ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ከሥሩ ከላጨኸው ግን የዛሬን በልተህ የነገን ቀበርክ። ገበሬም እንደዚሁ ነው ጀማል። ስንዝር አስቀር።»

አስቀርላቸው ነበር። ቃላቸው ልቤን ነክቶት አይደለም። ሐምሌ ላይ አረንጓዴ ነገር ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ምክር ከእጥረት ጋር ሲመጣ ጆሮ ይከፍታል።

ሌላው የማልረሳው ጥርሳቸውን ነው። አፋቸው ውስጥ የቀሩት ጥርሶች ተራርቀው የሚኖሩ፣ እርስ በርስ የማይጠያየቁ ጎረቤቶች ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር ይቆሙና አንድ አገዳ ቆርጠው በነዚያ ጥርሶች ያኝካሉ። እሳቸው ከቻሉት ላም ትችለዋለች። ካቃታቸው ጊዜው አልፏል። «ወገብ ሲደርስ እጨደው» ይላሉ፤ «ራስህን ካለፈ ሽማግሌ ሆኗል፤ ይቆማል እንጂ አይታኘክም።» ይህን የሚሉት ሽማግሌ አጠገባቸው ሲኖር ነው።

አያ ይማም የመጣው በዚህ መካከል ነው። ወንድሙ እንደሞተ፣ መሬቱን ከነሴትዮዋ ልውረስ ብሎ ሰው ልኮ ነበር። እቴ ጦይባ ለተላኩት ሰዎች የመለሱት መልስ ግራና ድረስ ተሰምቷል። «የወንድሙን ማንኮራፋት ዕድሜዬን ሙሉ ችያለሁ። የቤተሰቡን በሙሉ የመስማት ግዴታ የለብኝም።» አያ ይማም ተናደደ፤ ሴትዮዋን ትቶ መሬቱን ብቻ ፈለገ። ሰበብም አገኘ። በእኛ ዘንድ መሬቱን ጦም ያሳደረ፣ ማለት ሳይዘራ የተወ ሰው፣ መሬቱን ሊያጣ ይችላል። ይማም ቀበሌ ሄደና የወንድሜ መሬት ላይ ሣር በቅሎበታል፣ ጦም አድሯል አለ። ቀበሌው መጀመሪያ በሽማግሌ እዩት ብሎ መለሰው።

ነገሩ ለሳቅ ብቻ አይደለም። ወሎ ክፉ ቀን ያየ አገር ነው። የእህል መሬት ላይ ለከብት ዘራች ሲባል ያልደነገጠ አልነበረም። የእቴ ጦይባን ወተት በየቀኑ የሚጠጡ ሰዎች እንኳ ጡር ነው ይሉ ጀመር፤ ወተቱን እየጠጡ።

ሽማግሌዎቹ በአንዲት ባጃጅ ተጣበው መጡ። መጀመሪያ የወረዱት ሼህ እንድሪስ ነበሩ፤ በሰፈሩ ቃላቸው የሚደመጥ ትልቅ ሰው። እኔ ሣር ልገዛ ሄጄ ስለነበር፣ ነጋዴ ለማንም አይወግንም ብለው ለምስክርነት አቆሙኝ። ይህን ያህል የማያውቁኝ መሆናቸው አስገረመኝ።

ቡልቱጉ ወገብ ደርሶ፣ ለመጀመሪያው አጨዳ ደርሶ ነበር። አያ ይማም ከማሳው አንድ እፍኝ ቅጠል ነጨና በመንገዱ ለምታልፍ አህያ ሰጣት። አህያይቱ በላች።

«አያችሁ?» አለ ይማም። «ሣር ነው።»

«አህያማ ባለፈው የቀበሌውን ማስታወቂያ በልታለች» አሉ እቴ ጦይባ። «ማስታወቂያው ሣር ነበር?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሼህ እንድሪስ ግን አልሳቁም። ተማክረው ፍርዱን ተናገሩ። እህል ከሆነ ያሽታል። ካሸተ መሬቱ የሷ ነው፤ ካላሸተ ጦም አድሯል ብለን ለቀበሌው እንናገራለን። እስኪያሽት ድረስ ማሳው ውስጥ ማጭድ አይግባ አሉ።

ፍርዱ ለሰሚው ቀና ነው። ግን ቡልቱግ ሲያሽት አገዳው ይደርቃል፤ ለከብት የሚሆነው ከማሸቱ በፊት ነው። እቴ ጦይባ መሬታቸውን ለማትረፍ ቢጠብቁ የከብቱ መኖ ይጠፋል፤ ላሞቹ በሐምሌ ምን ይበላሉ? ቢያጭዱ ደግሞ ላሞቹ ይድናሉ፣ መሬቱ ይሄዳል። ያለ መሬት ላም፣ ያለ ላም መሬት። አንዱን ምረጪ ነው የተባሉት፣ በጨዋ ቋንቋ።

እቴ ጦይባ ወደ ማሳቸው ዞሩ። አንድ አገዳ ቆረጡ፣ አኘኩ፣ ተፉ።

«ፍርዱን ተቀብያለሁ» አሉ። «አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ይማም የወንድሜን መሬት ነው የምጠይቀው ብሏል። ወጉ ነው፣ ይጠይቅ። ግን በእኛ አገር የሟችን መሬት የሚጠይቅ ወንድም የሟችን ከብት ጦም አያሳድርም። እስኪያሽት ድረስ ላሞቹም ወይፈኑም እሱ በረት ይደሩ።»

ሼህ እንድሪስ ጺማቸውን ያዙ። «ወጉስ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ሁሉም ወደ አያ ይማም ዞረ። ሰው ፊት ቆሞ የወንድሜ ከብት ይራብ የሚል አፍ በሐብሩ አልተፈጠረም። «አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ይለኛል» አለ። ደስታው ግን ከአፉ አልፎ ፊቱ ላይ አልደረሰም ነበር።

ከብቶቹ ያንኑ ቀን ተነዱ። ላሞቹ ጨዋ ነበሩ፣ ሲርባቸው ይጮሃሉ፣ ሌላ ምንም አያደርጉም። ወይፈኑ ቦራ ግን ሌላ ነው። እቴ ጦይባ ያሳደጉት ስለሆነ አመሉም የሳቸው ነበር፤ የፈለገውን እስኪያገኝ ዝም አይልም። አያ ይማም የተረፈችውን ጥቂት የማሽላ አገዳ ለራሱ በሬዎች ደብቆ፣ ለወንድሙ ከብቶች የሰጣቸው ምስጋና ነው። ምስጋና አልበሉም።

ጥቂት ቆይቶ መርሳ ላይ አገኘኝ።

«ጀማል፣ ጭድ አለህ?»

«አለኝ። ዋጋው ግን የሐምሌ ነው።»

«ከፍ አላለም?»

«አያ ይማም፣ እርስዎ ሰፈር አረንጓዴ ሞልቶ የለም እንዴ? ለምን ጭድ ይገዛሉ?»

«ታግዷል።»

«ማን አሳገደው?»

ጭዱን ገዛ። እኔ አልጨከንኩበትም፤ ወሩ ነው የጨከነው።

እቴ ጦይባ ጋ ስሄድ ግን ጨዋታ አልነበረም። ማሳቸው ዳር ቆመው አገዳ ያኝካሉ። ቡልቱጉ ደረታቸውን አልፏል። ሰላምታዬን ሳይመልሱ አንዱን አገዳ ከግራ ወደ ቀኝ አዘዋወሩት፣ ከዚያ ቀኝ ካለችው ጥርስ ወደ ግራ።

«ዛሬ ቻልኩት» አሉኝ። «ነገን እንጃ። ይማም ከኔ ጥርስ በላይ ከታገሠ መሬቱን ይዤ ከብቶቹን ልሸጥ ነው። ለማን? ላንተ። ስንዝር እንኳ ለማታስቀር።»

ቀልድ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቀልድ አልነበረም። ማሳውን የሚያዩት፣ የታመመ ልጅ እንደሚታይ አድርገው ነበር። ውድድሩ እንዲህ ነው፤ በአንድ በኩል የአገዳው መድረቅ፣ በሌላ በኩል የከብቶቹ ረሃብ፤ መካከል ላይ አንዲት ሴት ያላት ጥቂት ጥርስ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ብዙ ውርርድ አይቻለሁ። በዚህኛው ላይ ገንዘብ አላወጣም ነበር።

የፈረደው ቦራ ነው። የአያ ይማም መኖሪያ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ማድቤቱ ግን የሣር ክዳን ነበር። ቦራ ገመዱን በጥሶ ማድቤቱን ዞረና ክዳኑን ከዳር ጀምሮ መጉረስ ያዘ። የአያ ይማም ሚስት እቴ መዲና ወጥ እያማሰሉ ቀና ሲሉ ሰማይ አዩ። ሰማዩ መካከል ላይ የቦራ ፊት ነበር። እቴ መዲና በሥርዓት ያደጉ ሴት ናቸው፤ አልጮኹም ይባላል። ማማሰያውን አስቀምጠው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ወደ ባላቸው ሄደው፣ «ወይ የወንድምህ ከብት ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ» ብለው ወደ ማድቤታቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ያመጣው ራሱ አያ ይማም ነው። የባጃጁንም እሱ ከፈለ፤ ይህ በሰፈሩ እስካሁን የሚወራ ነው።

ሼህ እንድሪስ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። አንድም ዘለላ የለም።

«አላሸተም» አሉ።

«ያሽታል» አለ ይማም።

«እኛም እስኪያሽት ነበር ያልነው።»

«ማሸቱ ለምን ያስፈልጋል ሼሃችን? ቅጠሉ ራሱ እህል እህል ይላል።»

«በምን አወቅህ?»

አያ ይማም ወዲያና ወዲህ አየ። እርዳታ የሚሰጥ አልነበረም፤ እኔም ቡልቱጉን እያየሁ ነበር።

«ቀመስኩት» አለ።

እቴ ጦይባ አገዳ ቆረጡ። «እስቲ ሽማግሌ ፊት ቅመሰው።»

ቀመሰው። አኘከ። አረንጓዴው ውሃ ጺሙ ላይ ወረደ።

«ምን ይላል?» አሉ ሼህ እንድሪስ።

«እህል» አለ ይማም፣ አፉ እንደ ሞላ።

ክሱ ተነሳ፤ እገዳውም ተነሳ። እቴ ጦይባ ግን ገና አልሳቁም። የተረፈውን የአገዳ ቁራጭ ከይማም እጅ ተቀብለው ወደ አፋቸው ወሰዱ። ከግራ ወደ ቀኝ አዘዋወሩት። ቆዩ። ከዚያ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማን። ጥርሳቸው ነው ወይስ አገዳው አላወቅንም። እሳቸው ዋጡና ፈገግ አሉ።

ማጭዱን ከትከሻቸው አውርደው ለይማም ሰጡት። «በል እጨድ። ስንዝር አስቀርተህ።» በንዴት ከሥሩ ሲላጨው እጁን በአገዳ መታ አደረጉት፤ ከፍ አደረገ። የመጀመሪያውን ሸክም አሰሩና ጀርባው ላይ ጫኑት። «ይኼ ለቦራ ነው። ላንተ አይደለም፤ አንተ በልተሃል።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከማሳው አንድ ጥግ ሳይታጨድ ይተዉ ነበር። ዘለላ ያወጣል፣ ወፍ ይሰፍርበታል፣ ለዘር የሚሆነውን ያህል ይተርፋል። ሲጠይቋቸው «ይቺ ችሎቴ ናት» ይላሉ። ወፎቹ ጎንበስ ቀና እያሉ ሲለቅሙ ሽማግሌዎቹን የመሰሏቸው ይመስለኛል፤ ሼህ እንድሪስ በዚያ ሲያልፉ ሰላም የሚሉት ወፎቹን ነበር።

አያ ይማምም በሚቀጥለው ግንቦት ቡልቱግ ዘራ። ገበያ ላይ ከድንጋይዋ አጠገብ ሌላ ድንጋይ አምጥቶ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ይነታረካሉ፤ አገዳህ ደርቋል፣ እስርሽ አንሷል። እቴ ጦይባ ሲደክሙ ግን እስራቸውን ተሸክሞ የሚመጣው እሱ ነበር። ከታመሙ በኋላም ሽጦ ገንዘቡን የሚያደርስላቸው እሱ ነው፤ ከነጭቅጭቁ። ቀብራቸው ላይ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነው፤ ይህን ስጽፍ እያፌዝኩ አይደለም።

በገበያው ቀን ሄድኩ። የራሱን ድንጋይ ትቶ የሳቸው ላይ ተቀምጧል። ማጭዱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። ለአንድ ከቆላ ለመጣ ሰው ይህን ዘር ወደ ሐብሩ ያስገባሁት እኔ ነኝ ሲል ደረስኩበት። ሲያየኝ አንድ አገዳ አወጣና ቀጨም አድርጎ አኘከ። «ለስላሳ ነው፣ ወላሂ።»

ገዛሁ። በሬዎቼ አሸተቱት፣ ቅጠሉን ለቀሙ፣ አገዳውን ከነነፍሱ ተዉት። ተመልሼ ሄድኩ። አያ ይማም ሌላ አገዳ አወጣ፣ እንደገና ቀጨም አደረገ፤ ሸንኮራ እንደሚበላ ልጅ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አያ ይማም ጥርሱ ሙሉ ነው፤ አንድም አልጎደለበት። የአጥር እንጨት ቢሰጡት «ለስላሳ ነው» ይላል። እቴ ጦይባ መሬቱን ትተዋል፣ ዘሩን ትተዋል፣ ድንጋይዋን ትተዋል። መለኪያውን ግን አፋቸው ውስጥ ይዘውት ሄደዋል።

«አያ ይማም» አልኩት፣ «ይኼ አርጅቷል። ሁለት ሦስት ጥርስ ይንቀሉና እንደገና ይቅመሱት።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። ማኘኩን አቆመ። የታኘከውን አገዳ ከአፉ አውጥቶ እየገለበጠ አየው።

«እሷም አልጋ ላይ ሆና ይኼንኑ አለችኝ» አለ።

ሐዘን ነው ብዬ ዋጋ ከመቀነስ የምመለስ ሰው አይደለሁም። በግማሽ እወስደዋለሁ አልኩት። አያ ይማም ጎንበስ አለና መሬቱ ላይ በጣቶቹ ለካ።

«ስንዝር አስቀር፣ ጀማል።»

አስቀረሁለት። በሬዎቼ ግን አገዳውን ሙሉውን አስቀሩለት።